ከቆጣሪ እስከ ኩባያ፦ የትንሽ ከተማ የቧንቧ ውሃን የመፈተሽና የማከም ዝርዝር መመሪያ

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ትንንሽ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ውሃ ያፈላል፣ በረኪና ይጨምራል፣ ማጣሪያም ይገዛል፤ ተቅማጡ ግን ይመለሳል፣ የልጆቹም ጥርስ እየበለዘ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የትጋት ማነስ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው፤ በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሆነ፣ የገባውም የቱ ጋ እንደሆነ ሳይታወቅ ማከም ይጀመራል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ በውሃ ውስጥ ሟሙተው የሚገኙትን፣ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድንና ሕፃናትን የሚጎዳውን ናይትሬትን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ በቀረው ውስጥ መጠናቸው ከፍ ይላል። ክሎሪንም ቢሆን የጀርም እንጂ የፍሎራይድና የናይትሬት ማስወገጃ አይደለም። ስለዚህ ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ ከ1 እስከ 4 ያሉትን ሳይጨርሱም ማጣሪያ አይግዙ። ፍተሻው እስኪያልቅ ድረስ የሚጠጣውን ውሃ በደረጃ 6 መሠረት እያከሙ ይጠቀሙ።

ዝግጅት

የሚከተሉትን አስቀድመው ያሰባስቡ፦

- ነፃ ክሎሪን (በውሃው ውስጥ ገና ሳይበላ የቀረውን ክሎሪን) የሚለካ መመርመሪያ። ዲፒዲ የሚባለው፣ ውሃውን ሮዝ የሚያደርግ እንክብልና የቀለም ማነጻጸሪያ ያለው ዓይነት ይመረጣል፤ ካልተገኘ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ የወረቀት መመርመሪያ ይበቃል። ለመዋኛ ገንዳ የተሠሩት ዝቅተኛውን መጠን በሚገባ ስለማይለዩ አይመከሩም።
- ከፋርማሲ የተገዛ፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መርፌ የሌለው ስሪንጅ።
- ሽቶም ሆነ ሳሙና ያልተቀላቀለበት፣ የክሎሪኑ መጠን በመቶኛ የተጻፈበት በረኪና፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀ ፈሳሽ።
- ሦስት አንድ ዓይነት ንጹሕ የመስታወት ብርጭቆዎች፣ ነጭ ወረቀት፣ ሰዓትና ማስታወሻ ደብተር።

በረኪና ሲገዙ የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ። ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር እውነት መሆኑ ያበቃል። የዘይት፣ የጸረ ተባይ ወይም የነዳጅ መያዣ የነበረ ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ፕላስቲኩ የያዘውን ይመጥጣልና።

ደረጃ 1፦ ለአንድ ሳምንት ይመልከቱ፣ ይጻፉ

ውሃው በመጣ ቁጥር የመጣበትን ሰዓት፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ መልክና ሽታ፣ ከሩብ ሰዓትና ከሁለት ሰዓት በኋላም የተቀዳውን ይመዝግቡ። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አቁመው ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ በጎን ሲታይ ጥሩ የሚመስል ውሃ ከላይ ሲታይ ብጫ ሆኖ ይገኛል።

እንደ ወተት ነጥቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚጠራ ውሃ አየር ብቻ ነው፤ አያስጨንቅዎት። መጀመሪያ ላይ ቡናማ ሆኖ ቀስ በቀስ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ የቧንቧ ዝገትና የተቀሰቀሰ ደለል ነው። ሽንት ቤት ወይም ፍሳሽ የሚሸት ውሃ ግን የተለየ ነገር ነው፤ መስመሩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ እየሳበ መሆኑን ስለሚያመለክት ሳምንቱን ሳይጠብቁ የዚያኑ ዕለት ለከተማው ውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ውሃውንም አይጠጡት።

ጥርት ብሎ መታየቱ ግን ውሃው ለመጠጥ ደህና ነው ማለት አይደለም። ኢ. ኮላይ የተባለው የዓይነ ምድር ጀርምም ሆነ ፍሎራይድ መልክ፣ ሽታና ጣዕም የላቸውም።

ደረጃ 2፦ መስመርዎን በእግርዎ ይከተሉ

ከቆጣሪው ተነሥተው እስከሚጠጡበት ኩባያ ድረስ ውሃው የሚያልፍበትን ሁሉ ይመርምሩ። ይህን ሥራ ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔም ንቄው ነበር፤ የቤቴ ጥፋት የተገኘው ግን ንፋስ የወሰደውን የሮቶ ክዳን ስመለከት ነው።

1. ቧንቧው የፍሳሽ ቦይ የሚያቋርጥበትን ወይም ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍበትን ቦታ ይለዩ። በፈረቃ መካከል ቧንቧው ባዶ ሲሆን ግፊቱ ስለሚጠፋ፣ ውሃ ሲኖር ወደ ውጭ የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ውሃ ሲቋረጥ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ትንሽ ፍሳሽ እንደ ትንሽ ነገር አይታይም።
2. በርሜል ውስጥ ተነክሮ የሚውል የጎማ ቱቦ ካለ ያውጡት። ግፊት ሲጠፋ የበርሜሉ ውሃ በቱቦው ተስቦ ወደ መስመሩ ሊመለስና ለጎረቤትም ሊተርፍ ይችላል። የቱቦው ጫፍ ከበርሜሉ አፍ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይታሰር።
3. ከመንገድ መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ካለዎት ያቋርጡት። መስመሩን በኃይል መሳብ በየቀዳዳው ያለውን ቆሻሻ መጥራት ነው። ውሃው መጀመሪያ በራሱ ግፊት ወደ መሬት ታንከር ይግባ፤ ፓምፑ ከዚያ ወደ ሮቶው ይግፋ።
4. የሮቶውን ክዳን፣ የትርፍ ውሃ መውጫውንና የታችኛውን ማጠቢያ ቀዳዳ ይመልከቱ። የትርፍ ውሃ መውጫው በወንፊት ካልተሸፈነ ወፍና እንሽላሊት ይገቡበታል።

ደረጃ 3፦ ክሎሪኑን በሦስት ቦታ ይለኩ

የዚህ መመሪያ ዋና ሥራ ይህ ነው። በውሃው ውስጥ የቀረው ነፃ ክሎሪን ብክለቱ የቱ ጋ እንደሚገባ የሚጠቁም ርካሽ ምስክር ነው፤ ቆሻሻ በተገናኘው ቁጥር እየተበላ ያልቃልና።

1. ውሃው ከመጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሦስቱን ብርጭቆዎች ይሙሉ፦ አንዱን ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ቧንቧ፣ ሁለተኛውን ከሮቶው ከሚወርደው፣ ሦስተኛውን ከመጠጥ ጀሪካኑ።
2. ወዲያውኑ ይለኩ። ክሎሪን ይተናል፤ ተቀድቶ ፀሐይ ላይ የቆየ ናሙና ሐሰተኛ ዜሮ ይሰጣል።
3. በዲፒዲ ሲለኩ ለነፃ ክሎሪን የተመደበውን እንክብል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 1 የተጻፈበትን፣ ይጨምሩ፤ እንክብሉን በእጅዎ አይንኩት፤ ሮዝ ቀለሙንም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነጻጽሩ።
4. በሌላ ሁለት ቀን ይድገሙት። የአንድ ቀን ልኬት ብቻውን አይታመንም።

በቤትዎ ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ሊገኝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ንባቡን እንዲህ ይተርጉሙ። በቆጣሪው ላይ ጥሩ ሆኖ በሮቶው ላይ ዜሮ ከሆነ ችግሩ የእርስዎ ሮቶ ነው፤ ወደ ደረጃ 5 ይሂዱ። በሮቶው ላይ ደህና ሆኖ በጀሪካኑ ላይ ከጠፋ መያዣው ቆሽሿል ወይም ውሃው ብዙ ቀን ቆይቷል። በሦስቱም ላይ ዜሮ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከግቢዎ ውጭ ነው፤ ወይ ክሎሪን አልተጨመረም፣ ወይ በመንገድ ላይ አልቋል። እንግዲያው ሁለት ጎረቤቶችዎ ቤት ሄደው ይለኩ፤ አንደኛው ወደ ከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ የቀረበ ቢሆን ይመረጣል። በእነርሱ ኖሮ በእርስዎ ከጠፋ፣ ቀዳዳው በመካከል ያለው መስመር ላይ ሊሆን እንደሚችል በቁጥር አስደግፈው ለጽሕፈት ቤቱ ማሳየት ይችላሉ።

ሲሳሳት፦ ቀለሙ ለቅጽበት ሮዝ ሆኖ ወዲያው ቢነጣ ክሎሪኑ እጅግ ብዙ ሆኖ ቀለሙን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ናሙናውን በእኩል መጠን የታሸገ ውሃ አቅጥነው ይለኩና ንባቡን በ2 ያባዙ።

ደረጃ 4፦ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ይላኩ

ክሎሪን የማይነግርዎትን ቤተ ሙከራ ይነግርዎታል። በመጀመሪያ የከተማውን ውሃ አገልግሎት የመጨረሻ የምርመራ ውጤት እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ካልሆነ የክልሉ ውሃ ቢሮ ቤተ ሙከራ ወይም አዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ። ለአራትና ለአምስት ቤተሰብ ወጪውን ተካፍሎ መላክ ያዋጣል፤ የአንድ ሰፈር ውሃ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ምንጭ ነውና።

«ውሃዬን መርምሩልኝ» ብለው አይሂዱ፤ በስም ይጠይቁ፦ ኢ. ኮላይ፣ ድፍርስነት፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መለኪያ)፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ብረት። በስምጥ ሸለቆ ያሉ ከሆነ አርሰኒክ የተባለውን መርዛማ ንጥረ ነገር በዝርዝሩ ላይ ይጨምሩ።

ለጀርም ምርመራ፦

1. ጠርሙሱን ከቤተ ሙከራው ይውሰዱ። የጸዳ መሆን አለበት፤ ክሎሪን ላለበት ውሃ ደግሞ ክሎሪኑን የሚያመክን ሶዲየም ታዮሰልፌት በውስጡ ስለሚኖር ጠርሙሱን አይለቅልቁት።
2. የቧንቧውን ጫፍ በአልኮል ይጥረጉ፤ የብረት ከሆነ በእሳት ለብልቡት። ከዚያ ውሃውን ለ2 ወይም ለ3 ደቂቃ ያፍስሱ፤ የሚፈሰውን በባልዲ ይያዙት፣ ለልብስ ይሆናል።
3. ክዳኑን መሬት ላይ ሳያስቀምጡ፣ የጠርሙሱን አፍ ሳይነኩ፣ ከላይ ጥቂት ቦታ ትተው ይሙሉ።
4. በበረዶ መያዣ ውስጥ አድርገው ይላኩ። በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ መልካም ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ውጤቱ አይታመንም።

የማዕድን ናሙና አይቸኩልም፤ በተቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ በተለቀለቀ የ1 ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል።

ውጤቱ ሲመጣ ከሚከተሉት ጋር ያነጻጽሩት፦

- ኢ. ኮላይ፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 0። እዚህ ላይ «ትንሽ» የሚባል ነገር የለም።
- ፍሎራይድ፦ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ያልበለጠ።
- ናይትሬት፦ ከ50 ሚሊ ግራም በሊትር ያልበለጠ።
- አርሰኒክ፦ ከ0.01 ሚሊ ግራም በሊትር ያልበለጠ።
- ድፍርስነት፦ ከ5 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በታች።
- ብረት፦ ከ0.3 ሚሊ ግራም በሊትር ሲበልጥ ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕም ይለውጣል፤ የጤና ጉዳይ ግን አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ቤተ ሙከራ ናይትሬትን በራሱ በናይትሬት፣ ሌላው ደግሞ በናይትሮጅን ይጽፈዋል። በናይትሮጅን ሲጻፍ ወሰኑ 11 ያህል እንጂ 50 አይደለም። 20 የሚል ውጤት ይዘው «ከ50 በታች ነው» ብለው ከመደሰትዎ በፊት በየትኛው እንደተጻፈ ይጠይቁ። ናይትሬት ከወሰኑ ካለፈ በዚያ ውሃ የሕፃናት ወተት ፈጽሞ አይበጥበጥ፤ በተለይ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ደማቸው ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል። ማፍላት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ደረጃ 5፦ ሮቶውን ያጽዱ

ለሁለት ቀን የሚሆን ውሃ አስቀድመው በሌላ መያዣ ያስቀምጡና ውሃ የሚመጣበትን ቀን አስልተው ይጀምሩ።

1. ሮቶውን በታችኛው ቀዳዳ ባዶ ያድርጉ፤ ደለሉን በረጅም ብሩሽና በውሃ ብቻ እየፈተጉ ያስወጡ። ወደ ውስጥ መግባት የሚያስፈልግ ከሆነ በረኪና ከመጨመሩ በፊት ይሁን፤ ከላይ የሚጠብቅ ሌላ ሰውም ይኑር። የመሬት ታንከር ከሆነ ለዚህ ሥራ የለመደ ሰው ይጥሩ፤ በታፈነ ጉድጓድ ውስጥ አየር አጥሮ ሰው ይሞታል።
2. ለሩቡ ያህል ውሃ ይሙሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር የሮቶ መጠን 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨምሩና እስከ አፉ ይሙሉት።
3. በቤቱ ያሉትን ቧንቧዎች ሁሉ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ድረስ ይክፈቱና ይዝጉ። እያንዳንዱ ቧንቧ ላይ «አይጠጣም» የሚል ወረቀት ይለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ልጆችም ቧንቧውን በጨርቅ ይሰሩት።
4. 24 ሰዓት ይተዉት።
5. ውሃውን ሙሉ በሙሉ ያፍስሱ። ከብት ወደሚጠጣበት፣ ወደ ጓሮ አትክልት ወይም ወደ ወንዝ አይልቀቁት።
6. እንደገና ሞልተው ይለኩ። ከ0.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግመው ያለቅልቁ።

በረኪናን ከአሲድ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከሌላ ኬሚካል ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።

ሲሳሳት፦ በረኪና ከተጨመረ በኋላ ውሃው ወደ ቡናማ ወይም ወደ ጥቁር ቢለወጥ አይደንግጡ። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ብረት ወይም ማንጋኒዝ በክሎሪኑ ምክንያት ወደ ደለል ተለውጦ ነው። እንዲረጋ ይተዉት፣ ደለሉን ያስወጡ፣ ይድገሙት።

ደረጃ 6፦ የዕለቱን የመጠጥ ውሃ ማከም

ለድፍርስ ውሃ፦ መጀመሪያ ሌሊቱን ያርጉት፤ ከላይ ያለውን በአራት በታጠፈ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጣርተው ወደ ሌላ ጀሪካን ይገልብጡ። ደለል ክሎሪንን ይበላል፤ ጀርሙም በደለሉ ውስጥ ይሸሸጋል።

የመጠን ልኬት፦ በሰፈር ሱቅ በሚሸጠው በረኪና ላይ የተጻፈው መቶኛ የሚታመን ስላልሆነ፣ አዲስ ጠርሙስ በከፈቱ ቁጥር ይህን ያድርጉ። ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖች ሞልተው በመጀመሪያው 0.5፣ በሁለተኛው 1፣ በሦስተኛው 2 ሚሊ ሊትር በረኪና ይጨምሩ፤ ከድነው ያናውጡና ጥላ ውስጥ 30 ደቂቃ ያቆዩ። ሲለኩ ከ0.5 በታች ያልወረደውንና ከ2 ሚሊ ግራም በሊትር ያልበለጠውን፣ ከእነርሱም አነስተኛውን መጠን ይምረጡ፤ በማግስቱም አሁንም 0.2 እንዳለው ያረጋግጡ። በጥሩ ባለ 5 በመቶ በረኪናና በጠራ ውሃ መልሱ ብዙውን ጊዜ ወደ 1 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ውሃ አጋር የሚጠቀሙ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ።

ፒኤቹ ከ8 በላይ ከሆነ ክሎሪን ይደክማል፤ የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ያራዝሙ።

የሚያፈሉ ከሆነ ውሃው እየተንፈቀፈቀ እስኪገላበጥ ይጠብቁ፤ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባሉ ከተሞች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ለ3 ደቂቃ ያቆዩት። ከዚያ በፈላበት ዕቃ ከድነው ያቀዝቅዙት። ለጠቅላላ ቤተሰብ በከሰል ማፍላት ኪስ ይጎዳል፤ ለሕፃንና ለሕመምተኛ ብቻ ቢያፈሉ፣ ለቀረው ክሎሪን ይበቃል።

መያዣው ጠባብ አፍ ያለው፣ የሚከደንና የታች ቧንቧ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጣሳ እየተነከረ የሚቀዳበት ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃ ምንም ያህል ቢታከም እስከ ማታ አይዘልቅም።

ደረጃ 7፦ ፍሎራይድ ከ1.5 ከበለጠ

ይህ ክፍል በተለይ በስምጥ ሸለቆ ላሉ፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ለሚጠጡ ከተሞች ነው፤ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ ችግሩ የታወቀ ነው። ጥርስ የሚበልዘው ከድዱ ሥር ሆኖ በሚሠራበት ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይቅደሙ። ከወጣ በኋላ የበለዘን ጥርስ ውሃ መለወጥ አይመልሰውም፤ የታናናሾቹን ግን ያድናል። መጠኑ እጅግ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትንና መገጣጠሚያን ይጎዳል።

1. የተሻለ ውሃ የሚያስፈልገው ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ነው። ወጡም፣ ሊጡም፣ ሻዩም ይቆጠራል፤ የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ እንዳለው አይዘንጉ። ለመታጠቢያና ለልብስ የቧንቧውን ይጠቀሙ።
2. አነስተኛ ፍሎራይድ ያለው ምንጭ ይፈልጉ። የዝናብ ውሃ ቀዳሚው ነው፦ ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ተደፍቶ፣ በተከደነ ሮቶ ይጠራቀም፤ ሲጠጣም በደረጃ 6 ይታከም።
3. የዝናብ ውሃው ካልበቃ ይቀላቅሉ፤ ግን አስልተው። የቧንቧው 3፣ የሌላው 0.3 ሚሊ ግራም በሊትር ቢሆን እኩል በእኩል ሲቀላቀል 1.65 ይሆናል፤ አሁንም ከወሰኑ በላይ ነው። አንድ እጅ የቧንቧ ከሁለት እጅ የሌላው ጋር ሲሆን 1.2 ይወጣል።
4. ማጣሪያ ሲገዙ ሻጩን «ፍሎራይድ ያወጣል?» ብለው በጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። ተራው የሸክላ፣ የአሸዋና የከሰል ማጣሪያ አያወጣውም። የተቃጠለ አጥንት ያለበት ማጣሪያና ውሃን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ የሚያሳልፈው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ያወጣሉ። የአጥንት ማጣሪያ ግን ይጠግባል፤ ከጠገበ በኋላ ውሃው እንደነበረ ያልፋል፣ ጣዕሙም አይለወጥም፤ ስለዚህ የወጣውን ውሃ በየጊዜው ሳያስለኩ አይመኑት።
5. በአሉሚኒየም ሰልፌት (አለም በሚባለው ጨው) እና በኖራ ማከም በባለሙያ በሚመራ የጋራ ተቋም ደረጃ የሚሠራ ነው። በቤት በግምት አይሞክሩት፤ አሉሚኒየም በውሃው ውስጥ ይቀራል።

ሰው ከታመመ

ብዙ ጊዜ የሚወጣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ካለ ውሃውን ከመመርመር በፊት ሰውየውን ያድኑ። ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በታከመ ውሃ በጥብጠው ወዲያው መስጠት ይጀምሩ፤ እየሰጡም ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ከአንድ በላይ ቤት ታሞ ከሆነ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይንገሩ፤ ውሃው ከመታከሙ በፊትም ናሙና ቀድተው ያስቀምጡ።

ለጽሕፈት ቤቱ ሲያመለክቱ

«ውሃው ቆሽሿል» የሚል አቤቱታ መዝገብ ውስጥ ይቀራል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆጣሪ ቁጥርዎን፣ በቆጣሪው ላይ የተገኘውን የክሎሪን ንባብና የሁለቱን ጎረቤቶች ንባብ አድርገው በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂውን በማኅተም ይቀበሉ። መስመሩ ከተጠገነም በኋላ በመጀመሪያው ቀን የሚመጣውን ውሃ አይጠጡ፤ አፍስሰው እንደገና ይለኩ።

ድጋሚ ምርመራ

ክሎሪኑን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በክረምት ደግሞ ውሃ በመጣ ቁጥር ይለኩ። ሮቶውን ከክረምት በፊትና በኋላ ያጽዱ። ኢ. ኮላይን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በሐምሌ ወይም በነሐሴ ያስመርምሩ። ፍሎራይድ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም፤ ከተማው አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍርና ከመስመሩ ጋር ሲያገናኝ ግን የአምናው ውጤት ዋጋ ስለማይኖረው፣ ውሃዎ ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚመጣ በዓመት አንድ ጊዜ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቁ፤ ከተለወጠ ፍሎራይዱን እንደገና ያስለኩ።